የካርቱኑ ሠራተኛ ክፍሉ ሳያልቅ ሥራው ይመለስለታል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቴሌቪዥን ገጻችሁ ስለ አሜሪካ የካርቱን ኮሜዲዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው በወደፊቱ ዘመን ስለሚኖር ቤተሰብ የሚያሳየው «ዘ ጄትሰንስ» የተባለው ተከታታይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ሮቦትንና በምስል መነጋገርን አስቀድሞ አሳይቷል ብለው ማድነቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ዓይናቸው በዕቃው ላይ ስላረፈ የሠራተኛው ጉዳይ ሳይነሳ ታልፏል።

ተከታታዩ በወጣበት ዓመት ጉዳዩ የፖለቲካም ራስ ምታት ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በየካቲት ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ማሽን ሰውን እየተካ ባለበት ጊዜ ለሠራተኛው ሁሉ ሥራ ማቆየት የዘመኑ ዋነኛ የአገር ውስጥ ፈተና መሆኑን ገልጸዋል፤ በመጋቢትም ሥራ ያጡ ሰዎች በሌላ ሙያ የሚሠለጥኑበትን ሕግ ፈርመዋል። በመስከረም ለእይታ የበቃው የቤተሰቡ አባት ጆርጅ ጄትሰን ግን ቁልፍ እየተጫነ ቤተሰቡን በምቾት ያኖራል፤ ይህም ሆኖ ሥራ በዛብኝ ይላል። ቁልፍ ለመጫን ያን ያህል ደመወዝ ለምን እንደሚከፈለው የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያውን ክፍል እንመልከት። ባለቤቱ ጄን ሞዴሏ ያለፈባትን ሮዚ የተባለች የቤት ሠራተኛ ሮቦት ታስመጣለች። እራት የተጋበዘው አለቃው ሚስተር ስፔስሊ ይህን ሲያይ በቁጣ ጆርጅን ያባርረዋል፤ ኋላ ግን ሮዚ የሠራችውን የአናናስ ኬክ ሲቀምስ መልሶ ይቀጥረዋል፣ ጭማሪም ያደርግለታል። ሰውየውን ወደ እንጀራው የመለሰችው እንግዲህ ሮቦቷ ናት! ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው ሌላው ካርቱን በአንድ ክፍሉ ዋናው ገጸ ባሕሪ ሆሜር የሚሠራበትን የኑክሌር ጣቢያ ሠራተኞች በሮቦት ተክቶ እሱን ብቻውን አስቀርቶት ነበር። እዚያም ቢሆን ሠራተኞቹ በመጨረሻ ይመለሳሉ። የዚህ ዓይነት ኮሜዲ ሕጉ ነው፤ በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ቤቱንም ሰውየውንም እንደተዋቸው ማግኘት ይፈልጋል። ስለዚህ የሁለተኛው ወር የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን በካርቱን ዓለም መጥቶ አያውቅም።

እኔ በዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚህ ከተማ ያለን ኢትዮጵያውያን ስንቶቻችን በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጠን ልጅ እንዳሳደግን፣ ስንቶቻችን በደንበኛና በደንበኛ መካከል ደብተር ገልጠን ኮሌጅ እንደጨረስን አንባቢዎቻችሁ አያጡትም። መክፈያ ማሽኑ ሲገባ ክፍሏ ተነሳች፤ በፈረቃ ይሠሩ ከነበሩት መካከልም አንድ ሰው ቀረ። ማሽኑ ካርድ አልቀበልም ሲል፣ መኪናው በሩ ላይ ተገትሮ ከኋላ ጡሩምባ ሲበዛ፣ ደንበኛው የእርዳታ ቁልፉን ይጫናል፤ የሚመልስለት ግን ሌላ ከተማ የተቀመጠ ሰው ነው። ማሽን መስደብ ስለማያረካውም የቀረውን ሠራተኛ ይሰድባል። ሆሜር መልስ ከማይሰጡት ሮቦቶች ጋር ወሬ ለመጀመር ሲታገል ሳይ ከልቤ የሳቅሁት ለዚህ ነው፤ ደራሲዎቹ ያችን ብቸኝነት በደንብ አግኝተዋታል፣ ነገር ግን ሳይቆዩባት ወደ ጥድፊያውና ወደ ግርግሩ አለፉ።

ሥራው ሳይመለስ የሚያልቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ከዚያው የሚቀጥል የካርቱን ኮሜዲ ቢሠራ ሳቅ የሚያጣ አይመስለኝም። ከፓርኪንግ የወጡ ጓደኞቼ ቡና ላይ ሲገናኙ የሚቀላለዱት በሙሉ ስለዚሁ ነው። ጸሐፊው ወደዚህ ርእስ የሚመለሱ ከሆነ ከእነሱ ጥቂቶቹን እንዲያነጋግሩ እጠይቃለሁ፤ አብዛኞቹ ዛሬ ኡበር ይነዳሉ፣ ስለ ሹፌር አልባ መኪናም የሚሉት ብዙ አላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ