ለፈረንሳይ የስፖርት ሚኒስቴር፦ በ1941 የተወረሰውን የ13ቱን ራግቢ ንብረት መልሱ

ለተከበራችሁ የፈረንሳይ የስፖርት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ልጄ እዚህ ባለች ትንሽ የአማተር ራግቢ ክለብ ውስጥ ይጫወታል፣ ራግቢ ስል ግን ያ በቲቪ የሚታየውን በ15 ሰው የሚጫወቱትን ሳይሆን በ13 ሰው የሚጫወቱትን ነው። በአማርኛ የምጽፈው ታሪኩን ወገኖቼም እንዲያውቁት ስለፈለኩ ነው፣ ለናንተ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ቢሮአችሁ ይደርሳል።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። የፈረንሳይ መንግስት በዲሴምበር 1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንደነዚህ ያሉ ክለቦችን በአንድ ወረቀት ዘጋ፣ ያላቸውንም ወረሰ፣ የተወረሰውም እስከዛሬ አልተመለሰም፣ ካሳም አልተከፈለበትም። እንዲመለስ ነው የምጠይቀው።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ከቪልነቭ ሱር ሎት ልጀምር። ሎት የሚባለው ወንዝ ዳር ያለች በፕሪም ፍሬዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ በፈረንሳይ የ13 ሰው ራግቢ ክለብ መጀመሪያ የተመሰረተው እዛ ነው፣ በ1934። ከዛ በፊት የነበረው የ15ቱ ራግቢ ነው፣ እሱ ደግሞ አማተር ነን እየተባለ በጓሮ በር ገንዘብ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፣ ኪያን የምትባል ሚጢጢ ከተማ እንኳ በባርኔጣ ፋብሪካ ባለቤት ገንዘብ ተጫዋች ሰብስባ በ1929 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆናለች። በዚህ በገንዘቡና በሜዳው ድብድብ ምክንያት እንግሊዞቹና ጎረቤቶቻቸው በ1931 ፈረንሳይን የአምስቱ አገሮች ከሚባለው የ15ቱ ራግቢ ውድድር አስወጧት። የፈረንሳይ ራግቢ ፌዴሬሽን ስሙን ለማጽዳት ሲል ሰው መቅጣት ጀመረ፣ ከተቀጡት አንዱ ዣን ጋሊያ ነው፣ የቪልነቭ ተጫዋች፣ ለብሄራዊ ቡድን የተሰለፈ፣ ቦክሰኛም የነበረ ጉልበታም ሰው።

ጋሊያ ታግጃለሁ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። በዲሴምበር 1933 መጨረሻ ላይ እንግሊዞችና አውስትራሊያኖች ፓሪስ መጥተው የ13ቱን ራግቢ ለማሳየት ተጫወቱ፣ በማርች 1934 ጋሊያ ልጆቹን ሰብስቦ እንግሊዝ ሄደ፣ ጨዋታውን በጥቂት ቀን ልምምድ ተምረው መጀመሪያ የገጠሙት ዊጋንን ነው፣ ተሸነፉ ግን በጠባብ ውጤት። በአፕሪል 13ቱን የሚመራው የፈረንሳይ ሊግ ተመሰረተ፣ በ1935 የመጀመሪያውን ሻምፒዮና የወሰደው ደግሞ የጋሊያ ቪልነቭ ነው። እዚህ ጋ ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ በ1934 ሳልፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ የ13 ራግቢ ክለብ ፈረንሳይን ሲዞር የፈረንሳይ ጋዜጦች "ቀያዮቹ ሰይጣኖች" አሏቸው፣ አሰልጣኙ ማት በዝቢ በኋላ ለማንቸስተር ዩናይትድ የወሰደው ስም እሱ ነው፣ እና አገር ቤት በየካፌው "ቀያይ ሰይጣኖቹ" እያልን የምንጨቃጨቅበት ስም የመጣው ከዚሁ ስፖርት ነው።

በአምስት አመት ውስጥ የ13ቱ ክለቦች ቁጥር ከ200 አለፈ። በ1939 ፈረንሳይ እንግሊዝን እዛው እንግሊዝ ምድር ላይ አሸንፋ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፣ የ15ቱ ደግሞ ከአመት አመት ክለብ እየቀነሰ ነበር። ጠቡ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ከዛ 1940 መጣ፣ ጀርመን ገባች፣ ከጀርመን ጋር የተባበረው የማርሻል ፔታ የፈረንሳይ መንግስት፣ የቪሺ መንግስት የሚባለው፣ ተቋቋመ። ስፖርቱን እንዲመራ የተሾመው የቴኒስ ኮከቡ ዣን ቦሮትራ ነው፣ ከስሩ የነበረውና በ1942 ቦታውን የተረከበው ኮሎኔል ፓስኮ ደግሞ የ15ቱ ራግቢ የቀድሞ ብሄራዊ ተጫዋች። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ፕሮፌሽናል ስፖርት ወጣቱን ያበላሻል የሚል ነው። እሺ ይሁን፣ ግን ለእግር ኳስ፣ ለብስክሌትና ለቦክስ ሶስት አመት ጊዜ ተሰጣቸው እኮ፣ ለ13ቱ ራግቢ አንድ ቀንም አልተሰጠውም። ዲሴምበር 19 ቀን 1941 ማርሻል ፔታ የፈረሙት ድንጋጌ ሊጉ ፈርሷል፣ ንብረቱም እንዳለ ወደ ብሄራዊ የስፖርት ኮሚቴ ይዛወራል አለ፣ አለቀ።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ደመወዝ የሚከፍሉት ከላይ ያሉት ጥቂት ክለቦች ናቸው፣ የቀረው እኮ አማተር ነው። ቀን ወይን ሲለቅም፣ ዳቦ ሲጋግር፣ ባቡር ጣቢያ ሲሰራ ውሎ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ሰው፣ ሳንቲም የማይከፈለው፣ እንደውም ማልያውን በራሱ ኪስ የሚገዛ። አማተርነትን ለማስከበር ተብሎ አማተሩ ተወረሰ! መጫወት የፈለገ 15ቱን ይጫወት፣ ካልፈለገ ይተው፣ ምርጫው እሱ ነበር።

ነጻ ከወጣችሁ በኋላ የቪሺ ህግ ሁሉ ይሻራል ተብሎ ነበር የታሰበው። ጨዋታው በእርግጥ ተመለሰ፣ የተመለሰው ግን በሰዎቹ ጉልበት ነው፣ ከነሱ ውስጥ ፖል ባሪየር የሚባል በአርበኝነት የታገለ ገና በሃያዎቹ እድሜ ያለ ወጣት ነበር፣ ፌዴሬሽኑን መርቶ የአለም ዋንጫ የሚለውን ሃሳብ ያመጣውና ያስፈጸመው እሱ ነው፣ የመጀመሪያው የራግቢ አለም ዋንጫ (ከ15ቱ በ33 አመት ቀድሞ) በ1954 እዚሁ ፈረንሳይ ተደርጎ ፍጻሜው ፓርክ ደ ፕረንስ ላይ ነበር፣ ታላቋ ብሪታንያ ፈረንሳይን 16 ለ 12 አሸነፈች። ከዛ በፊት በ1951 ደግሞ ልጆቹ አውስትራሊያ ድረስ ሄደው አውስትራሊያን በሜዳዋ አሸንፈው ተመልሰዋል፣ ፑዊ ኦቤር የሚባለው ሲጋራ ከአፉ የማይጠፋው ተጫዋች እግሩ ወርቅ ነበር ይሉታል እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች፣ ስሙን ሲያነሱ እስካሁን ፊታቸው ይበራል። ሜዳ ላይ ይህን ሁሉ እየሰሩ ግን ራግቢ የሚለውን ስም እንኳ እንዳይጠቀሙ ተከልክለው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ "የ13 ጨዋታ" ተብለው ነው የኖሩት። የተወረሰው ገንዘብና ንብረትም በዛው ቀረ።

አናውቅም እንዳትሉኝ። በ1998 የናንተው ሚኒስትር የነበሩት ማሪ ጆርጅ ቡፌ በቪሺ ዘመን ስፖርት ውስጥ የሆነውን የሚያጠና በታሪክ ምሁሩ ዣን ፒየር አዜማ የሚመራ ኮሚሽን አቋቁመው በ2002 ሪፖርቱን ተረክበዋል። ሪፖርት ጥሩ ነው፣ ግን ሪፖርት ንብረት አይመልስም።

ያለፈው አልፏል እንዳልል ደግሞ የ2023ቱ አለ። በጃንዋሪ 2022 ፈረንሳይ የ2025ን የ13 ራግቢ አለም ዋንጫ እንደምታዘጋጅ መንግስት ባለበት በደስታ ተነገረ፣ የወንዶች፣ የሴቶች፣ የወጣቶችና የዊልቸር ውድድር በአንድ ላይ፣ ጨዋታዎቹም ትልልቅ ነገር ወደማይደርስባቸው ትንንሽ ከተሞች ሊመጡ ነበር። የዊልቸሩ እዚሁ ፈረንሳይ የተፈጠረ ነው፣ በ2013 እና በ2017 ዋንጫውን የበላችው ፈረንሳይ ናት። ሜይ 2023 ላይ መንግስት የገንዘብ ዋስትና አልሰጥም አለ፣ አዘጋጆቹም ተዉት። ከአራት ወር በኋላ የ15ቱ አለም ዋንጫ በዚችው አገር በታላቅ ድምቀት ተከፈተ። የ15ቱን አልጠላም፣ ጎረቤቶቼ በሙሉ እሱን ነው የሚያዩት፣ ግን አንዱ ልጅ ድግስ ሲደገስለት ሌላው በር ላይ ሲቆም ቤተሰቡ ዝም ብሎ አያይም።

ልጄ የሚለማመደው ረቡዕ ከሰዓት ነው፣ ትምህርት የለማ። መጥታችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ኳስ የያዘው ልጅ ተይዞ ይወድቃል፣ የያዙት ወዲያው ይለቁታል፣ ይነሳና ኳሷን መሬት ላይ አድርጎ በጫማው ሶል ወደ ኋላ ያንከባልላታል፣ ከኋላው ያለው አንስቶ ይሮጣል፣ እንደዛ ስድስቴ ከተያዙ ኳሷ ለሌላው ቲም ትሰጣለች፣ ክምር የለ ግፊያ የለ፣ ቀጭኑም አጭሩም ይጫወታል። መስመሩን በኖራ የሚቀባው የአንዱ ልጅ አያት ነው፣ ማልያውን ተራ በተራ እቤታችን ወስደን እናጥባለን፣ ኮቹ ከስራ ወጥቶ በሥራ ልብሱ ነው የሚመጣው። ሜዳው ሲጣበብ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለ15ቱ ነው፣ እኛ መብራት በሌለው በጓሮኛው ሜዳ ክረምቱን እናሳልፋለን፣ ለምን ብለን ስንጠይቅ "እናንተ ትንሽ ናችሁ" ነው መልሱ። ትንሽ ያደረገን ማን ሆነና?

ስለ ካሳ ሲነሳ ዘመኑ እሩቅ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ጣሊያን በ1937 ከአክሱም የወሰደችውን ሃውልት በ2005 መልሳለች፣ 68 አመት አልፎት፣ ቆርጣ በአውሮፕላን ጭና። ስለዚህ የዘገየ አይመለስም የሚባለው ለእኛ አይነገረንም።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጠው። በ1941 ከሊጉና ከክለቦቹ የተወሰደው ምን ምን እንደሆነ፣ ወደማን እንደሄደ መዝገቡ ተከፍቶ ይታተም። ዋጋው በዛሬ ገንዘብ ተሰልቶ ለ13ቱ ፌዴሬሽን ይሰጥ፣ ግን ለፕሮፌሽናሎቹ ሳይሆን ለአማተር ክለቦች ሜዳ፣ መብራትና የልጆች ስልጠና ብቻ እንዲውል ተብሎ። መንግስት በፓርላማ ፊት፣ ቢቻል ዲሴምበር 19 ቀን፣ ያ ድንጋጌ በደል እንደነበር በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሪፖርት ውስጥ በተቀበረ አንቀጽ ሳይሆን በሚሰማ ድምጽ። እና ፈረንሳይ ደግማ የ13ቱን አለም ዋንጫ ልታዘጋጅ ከጠየቀች ያን ዋስትና ከመጀመሪያው ፈርሙ።

ቪልነቭ አሁንም አለ፣ በ2001፣ 2002 እና 2003 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ዛሬም እየተጫወተ ነው። ክለቡን ለማቋቋም የደከሙት ሰዎች በህይወት የሉም፣ ጋሊያ እራሱ በ1949 ገና በ43 አመቱ ነው የሞተው። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ጨዋታውን እንደገና ከዜሮ ካስነሱት ውስጥ ግን አንዳንድ አዛውንት በየመንደሩ አሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ወንበር ይዘው ይመጣሉ። መልሳችሁን እነሱ በህይወት እያሉ ስጡን፣ በጽሁፍ፣ ለፌዴሬሽኑም ለክለቦቹም ግልባጭ አድርጋችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነዋሪ የሆንኩ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት