«መሊኪ» ስሕተት አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዓርብ ገጻችሁ ሱረቱል ፋቲሓን (የቁርኣንን መክፈቻ ምዕራፍ) በግዕዝ ፊደል ስታወጡ 4ኛውን አንቀጽ «መሊኪ የውሚድዲን» ብላችሁ ነበር። በቀጣዩ እትም ደግሞ «ስሕተት ነው፣ ማሊኪ ተብሎ ይነበብ» የሚል እርማት ወጣ። መጀመሪያውኑ ስሕተት አልነበረም። ንባባቸው ከታወቀው ከሰባቱ ቃሪኦች (የቁርኣን አነባበብ ሊቃውንት) ዓሲምና ኪሳኢ «ማሊኪ» (ባለቤት) ይላሉ፤ ናፊዕ፣ ኢብኑ ከሢር፣ አቡ ዐምር፣ ኢብኑ ዓሚርና ሐምዛ «መሊኪ» (ንጉሥ) ይላሉ። በኸሊፋው ዑሥማን ሙስሐፍ (የቁርኣን ጥራዝ) አጻጻፍ ቃሉ «ማ»ን የሚያስረዝመው አሊፍ የተባለው ፊደል ስለሌለው ሁለቱንም ይችላል።

ጅማ ውስጥ ዛሬ በብዛት የሚቀራው ሐፍስ የተባለው አስተላላፊ ከዓሲም ተቀብሎ ያስተላለፈው ንባብ ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ካይሮ የታተመው ሙስሐፍ ይህን ንባብ በሰፊው አዳርሶታል። ጎረቤታችን ሱዳን ግን ዱሪ የተባለው አስተላላፊ ከአቡ ዐምር ያስተላለፈውን ይዛ ቆይታለች፤ ሞሮኮ ወርሽ የተባለው፣ ሊቢያ ደግሞ «ቃሉን» የተባለው አስተላላፊ ያቀበሉትን። ሂርማታ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ የሱዳን ቃሪእ ድምፅ ከስልክ ሲሰማ «ፋቲሓን አበላሸ» ለማለት መቸኮል አይገባም።

ይህ ማለት ግን እንደ ልብ መቀላቀል ይቻላል ማለት አይደለም። በሱረቱል በቀራ (2ኛው ምዕራፍ) አንቀጽ 37 ብዙኃኑ ቃሪኦች «ኣደሙ… ከሊማቲን» ሲሉ ቃላቱን የተቀበለው ኣደም ነው፤ ኢብኑ ከሢር «ኣደመ… ከሊማቱን» ሲል ኣደምን ያገኙት ቃላቱ ናቸው። ከአንዱ «ኣደሙ»ን ከሌላው «ከሊማቱን»ን ወስዶ የሚያጋጥም ሰው ባለቤቱ ሁለት፣ ተሳቢው ባዶ የሆነ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይቀራል። በ833 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የንባቦቹ ሊቅ ኢብኑል ጀዘሪ እንዲህ ያለውን መቀላቀል ከልክለዋል።

በዚያው ገጽ መታረም የነበረበት ግን ሳይታረም አልፏል። «ኢያከ ነእቡዱ» (አንተን ብቻ እናመልካለን) ተብሎ ታትሟል። «ያ» በሸዳ (በማጥበቂያ ምልክት) ይጠብቃል፤ ከላላ የቃሉ ትርጉም ወደ ፀሐይ ጮራ ይሄዳል። አማርኛ ማጥበቅን አሳምሮ ያውቃል፣ ፊደሉ ነው የማያሳየው፤ «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) በጽሑፍ አንድ ናቸው። ስለዚህ «ኢይያከ» ብሎ መድገም ይሻላል። «ነእቡዱ» ላይ ደግሞ ዐይኑ ጠፍቷል። አማርኛ ዐ እና አን፣ ሐ እና ሀን በድምፅ ስለማይለይ ጸሐፊው ያገኘውን ይመታል፤ እዚህ ግን ዐ እና ሐ ከጉሮሮ መካከል የሚወጡ ራሳቸውን የቻሉ ሐርፎች (የዐረብኛ ፊደላት) ናቸው፣ ቢቀየሩ ግልጽ ስሕተት (ለሕን ጀሊይ) ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ጠ፣ ጸ እና ቀ ናቸው። አማርኛም ኦሮምኛም ጠንና ቀን ጉሮሮ ዘግተው በኃይል ያፈነዷቸዋል፤ እንደ ጅማ ሁለቱ በአንድ ቤት በሚነገሩበት ከተማ ደረሳው (የቁርኣን ተማሪው) ሁሉ ይዟቸው ይመጣል። በ«ጠ» የሚጻፈው የዐረብኛው ጧእ ግን እንዲህ አይፈነዳም። ደረሳው «ተ» ብሎ ይጀምርና የምላሱን ጀርባ ወደ ላንቃ ያንሣ፤ በ«ጸ» ለሚጻፈው ሷድም ከ«ሰ» ተነሥቶ እንዲሁ። በ«ቀ» የሚጻፈው ቃፍ የሚወጣው ከምላስ ሥር ጥግ ነው፣ ከአማርኛው ቀ ወደ ኋላ ይርቃል።

መድ (ድምፅን ማስረዘም) ላይ ኦሮምኛ እየተናገረ ላደገ ልጅ ይቀለዋል፤ ለፈ (መሬት) እና ላፋ (ለስላሳ) ብሎ አጭርና ረጅሙን ለይቶ ነው ያደገው። ፋቲሓ ውስጥ የተፈጥሮው መድ 2 ሐረካ (የርዝመት መለኪያ) ነው፣ «ወለድዷሊን» ላይ ዷ 6። ጣትን በመካከለኛ ፍጥነት አንዴ ማጠፍ ወይም መዘርጋት አንድ ሐረካ ይሆናል። አንቀጽ መጨረሻ ሲቆም («ዓለሚን») 2፣ 4 ወይም 6 ይቻላል፤ በ4 የጀመረ በ4 ይጨርስ። በተግባር የሚታየው መጀመሪያ 6 ስቦ ትንፋሽ ሲያጥር ወደ 2 መውረድ ነው።

ስለዚህ ገጹ የሚከተለው የማንን ንባብ እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ፤ ዐ፣ ሐ እና ኸን ለየሐርፋቸው ብቻ ያዙ፤ የሚጠብቀውን ፊደል ድገሙ። ዛል፣ ሣእና ዷድ የተባሉትን የዐረብኛ ሐርፎች ድምፅ ግን የግዕዝ ፊደል ሊያሳይ አይችልም፤ አዛን፣ ሐዲስ፣ ረመዳን ስንል ወደ ዘ፣ ሰ እና ደ የመለስናቸው እነሱን ነው። ለእነዚህ የዐረብኛው ጽሑፍ ከጎን ይታተም፤ አንባቢውም ኡስታዝ (አስተማሪ) ፊት ተቀምጦ ይቅራቸው።

የቁርኣን አስቀሪዎች
ከጅማ