አሃዙን አትማችሁ ምክንያቱን ለምን ተዋችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአሜሪካ ስለሚኖሩ ጥቁር ትራንስጀንደር ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ሴቶች) የአእምሮ ጤና ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁት ዘገባ «ከመቶ 40ዎቹ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል፤ ይህም ጾታን መቀየር የሚያስከትለው ቀውስ ነው» ይላል። በዋሽንግተን ዲሲ እነዚህን ሴቶች የማክም ነርስ ነኝና ይህን ዓረፍተ ነገር በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

አሃዙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አሜሪካ ከ27 ሺሕ በላይ ትራንስጀንደር ሰዎች ከተጠየቁበት ጥናት ሲሆን፣ የሁሉንም እንጂ የጥቁር ሴቶቹን ብቻ አይመለከትም። ምክንያቱን ደግሞ የጨመረው ጸሐፊያችሁ ነው። ያው ጥናት ቤተሰባቸው ካልደገፋቸው መካከል 54 በመቶው፣ ከደገፋቸው መካከል ግን 37 በመቶው ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን ያሳያል። ጥፋቱ የጾታ ለውጡ ቢሆን ኖሮ የእናትና የአባት ፊት ይህን ያህል ልዩነት ከየት ያመጣ ነበር?

37 በመቶም ቢሆን ልብ ይሰብራል፤ ደጅ የሚጠብቃቸውን ጥቃት ቤተሰብ ብቻውን አይመክተውምና። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚሁ ከተማ ታይራ ሃንተር የተባለች ጥቁር ትራንስጀንደር ሴት በመኪና አደጋ ቆስላ ሳለ፣ ሊረዳት የመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሰውነቷን ሲያይ ተሳድቦ እርዳታውን አቋረጠ። ሆስፒታል ገብታ ሞተች፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ጉባኤ) ለእናቷ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ከዚህ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ የሚያስፈራት ሴት ፍርሃቷ ጾታዋን ለመቀየር ከምትወስደው ሆርሞን መጣ ይባላል?

ቀድሞ በሠራሁበት ሆስፒታል አንዲት ታካሚ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ተራዋን ስትጠብቅ፣ የኢንሹራንስ ካርዷ ላይ በቀረው የወንድ ስም ጮክ ተብሎ ተጠራች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የእጇን መለያ ፈልቅቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ሳትታከም ወጣች። በራሷ ስም መጠራት፣ ትክክለኛ መታወቂያ መያዝ፣ በሐኪም ክትትል ሆርሞን ማግኘት፣ ዘገባችሁ የበሽታ መነሻ ያደረገው ይህ ሁሉ ለእሷ የሕክምናዋ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናትም በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሥራና በጓደኞቻቸው ዘንድ በመረጡት ስም በሚጠሩ ትራንስጀንደር ወጣቶች ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቀንሶ ታይቷል።

እጅግ ያሳዘነኝ፣ ጸሐፊያችሁ ደውሎልኝ ይህን ሁሉ ነግሬው እንደነበር ነው። ራሷ ጥቁር ትራንስጀንደር የሆነች የሥነ ልቦና አማካሪ ባልደረባዬ ልታነጋግረው ፈቃደኛ መሆኗንም ገልጬለት ነበር፤ አልደወለላትም። ስለ እነዚህ ሴቶች ሙሉ ገጽ ተጽፎ የአንዳቸው ቃል እንኳ የለበትም። በዚህ ከተማ ከአንባቢዎቻችሁ ብዙዎቹ ነርሶችና አስታማሚዎች ናቸው፤ ነገ እነዚህን ሴቶች አልጋቸው አጠገብ ቆመው የሚያገኟቸው እነሱ ናቸው።

ስለዚህ 54 እና 37 የሚሉትን አሃዞች በሚቀጥለው እትም፣ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን እንድታትሙና ለባልደረባዬም እንድትደውሉላት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ