ፕራግ ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

«ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፈርኩ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ሰነበትሽ ምን ይሉታል? ከረምሽ እንኳ አይበቃም። ብቻ ደህና ነሽ? እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጅሽስ? ይኼኔ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ሥራ ሰውን ሦስት ወር ቢያጠፋው ነው። እኔ አኩርፌ ነው። የላኩልሽ ረቂቅ 14ኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍሽው ነገር ነው ያስኮረፈኝ። «ግንቡ ያምራል። ሰው ግን አይኖርበትም።» ይኸው በቃሌ ይዤዋለሁ። 230 ገጽ ዘንዶ፣ ንጉሥና የበረዶ ተራራ ጽፌ፣ አንቺ በአምስት ቃል ጨረስሽው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ስልክሽን ሳላነሳ ቀረሁ። ከዚያ ደግሞ አለማንሳቴ አሳፈረኝና እስከ ዛሬ።

አሁን የምጽፍልሽ ፕራግ ሄጄ ስለመጣሁ ነው።

የሄድኩት በእኛ ገና ሰሞን ነው። ፈረንጆቹ በዓላቸውን ጨርሰዋል፣ ሆቴሉም ረከስ ይላል። ከድሬስደን ባቡር ያዝኩ። መንገዱ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ በአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ሥር ይሄዳል። ስደርስ ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት ነበር። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ፣ ካፖርት፣ ከላዩ ደግሞ እናቴ የላከችልኝ ጋቢ። ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ይየኝ።

ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽና ሳቂብኝ። አስተያየትሽን ላፈርስ ነው። ችግሩ ግንብ በዓይኔ አለማየቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። እውነተኛውን ካየሁ፣ በሩን በእጄ ከነካሁ፣ መጽሐፉ ይድናል። እናም የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ዋልኩ። የቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል በ1344 ተጀምሮ ያለቀው በ1929 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሰባት ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። አንዱም አልጠቀመኝም። ልቤን የነካው ከጀርባ ያለው አንድ ጠባብ መንገድ ነው፤ ወርቃማው መንገድ ይሉታል። የአልኬሚስቶች ሰፈር ነበር ብለው ያወራሉ። ቤቶቹ ግን መጀመሪያ የተሠሩት ለግንቡ ዘበኞች ነው። በጣም ትንንሽ ናቸው። በሩን ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ። ዘበኛው ሲያስል ከጎረቤት ይሰማል። ያን ጊዜ 14ኛው ገጽ ትዝ አለኝና ክፉኛ ተበሳጨሁ።

በነጋታው ድልድዩ ላይ ወጣሁ። የቻርልስ ድልድይ ማለቴ ነው። ቭልታቫ ወንዝ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሐውልቶች ራሳቸው ላይ በረዶ ቆልለው፣ ጳጳሳት ነጠላ የተከናነቡ ይመስሉ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ አራተኛ የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጠው በ1357፣ በ9ኛው ቀን፣ በ7ኛው ወር፣ ከንጋቱ 5፡31 (በፈረንጅ ሰዓት) ላይ ነው ይባላል። ደርድሪው፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1። ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። ድልድዩ እንዲጸና ኮከብ ቆጣሪዎች መረጡለት ነው የሚሉት። ሌላም አለ። ኖራው እንዲጠነክር እንቁላል ተጨመረበት ይላሉ። ከየከተማው በጋሪ ተጫነ። ቬልቫሪ የምትባለው ከተማ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ብላ ቀቅላ ላከች! እስከ ዛሬ ይስቁባታል። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ ቆም አልኩ። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው የፖርቱጋል ድልድይ በሰጎን እንቁላል ተቦክቶ ነው የተሠራው ሲሉን አልነበር? አንቺ እንዲያውም «ያን ሁሉ ሰጎን ማን አባረረው?» ብለሽ አስጎብኚውን አፋጠሽው ነበር።

እዚያው ቆሜ በረዶ መጣ። ደቃቅ ነው፣ ጋቢዬ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አይቀልጥም። ዮሐንስ ኬፕለር ደግሞ እዚሁ ፕራግ ድልድይ ሲሻገር ካፖርቱ ላይ በረዶ ወረደበት። የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ሁለተኛ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ደመወዙ ግን በሰዓቱ አይከፈለውም። ለአንድ ደግ ወዳጁ የአዲስ ዓመት ስጦታ ፈልጎ እጁ ባዶ ሆነበት። ሲያስተውል እያንዳንዷ በረዶ ስድስት ማዕዘን ናት። ለምን ስድስት? ለምን አምስት ወይም ሰባት አልሆነችም? ይህን ጥያቄ ትንሽ መጽሐፍ አድርጎ በ1611 አሳተመና ለወዳጁ ሰጠው። መልሱን አላገኘውም። መጨረሻ ላይ ለኬሚስቶች ትቶላቸው ወጣ። እኔ ደግሞ ላንቺ ምን ይዤ ልመለስ እያልኩ የሱቅ መስኮት ሳይ ነበር የዋልኩት።

እሺ፣ አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ይኼን ብታዪው!

አሮጌው አደባባይ ላይ ከ1410 ጀምሮ የቆመ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሲሞላ አፅሙ ደወል ይስባል፣ ሐዋርያት በመስኮት ያልፋሉ፣ ቱሪስቱ ስልኩን ያነሳል። ያ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ገበታው ነው። አንዱ የሚነግርሽ የዛሬውን የአውሮፓ ሰዓት ነው። የውጭው ቀለበት የቆየውን የቼክ ሰዓት ያሳያል፤ ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ ሲለዋወጥ ቀለበቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከመሃል ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለውን ብርሃን 12 ላይ ይከፍለዋል። በሙቀቱ ወር ሰዓቱ ይረዝማል፤ በዚያ በብርዱ ወር 40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ናት አንዷ ሰዓት። (ክረምት ልል ነበር፤ ግን ክረምት ስል አንቺ ዝናብና የተጠበሰ በቆሎ ነው የሚታይሽ።) እኩለ ቀን ላይ ቀና ብዬ አየሁ። የወርቋ ፀሐይ የቆመችው የት መሰለሽ? ስድስት ላይ!

ስድስት ሰዓት! ልክ እንደ ቤታችን። እዚህ ጀርመን መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ «የእናንተ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተሳስቷል» እያለች ስንት ጊዜ ስቃብኛለች። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ፈቀቅ አሉ።

በመጨረሻው ቀን ዮሴፎቭ ሄድኩ፣ የአይሁዶች የቀድሞ ሰፈር። መቃብር ስፍራው ጠባብ ነው፤ ማስፋት ስላልቻሉ ሬሳ በሬሳ ላይ ቀበሩ፣ አንዳንድ ቦታ 12 ንብርብር ይደርሳል። 12,000 የሚያህሉ ድንጋዮች እንደ ሰልፈኛ ተገፋፍተው ቆመዋል። በ1609 የሞተው ረቢ ይሁዳ ሎው እዚያ ነው ያረፈው። ከጭቃ ሰው ሠራ የሚሉት እሱ ነው፤ ጎሌም ይሉታል፣ ሕዝቡን እንዲጠብቅለት። በጽሑፍ ታሪኩ ከእሱ ስም ጋር የተያያዘው ግን ከሞተ 200 ዓመት አልፎት ነው።

ጎሌሙ እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ ልንገርሽ። ግንባሩ ላይ «ኤሜት» ተብሎ ይጻፋል፤ በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው። መግደል ሲፈለግ የመጀመሪያዋ ፊደል ትፋቃለች። የሚቀረው «ሜት» ነው። ሜት፣ ሞተ። ለእኔና ለአንቺ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በሌላው አተራረክ ደግሞ አፉ ውስጥ ስም የተጻፈበት ብራና ይከቱለታል። «ሼም» ይሉታል፣ ስም ማለት ነው። (እኛ ሰፈር ሼም ሌላ ነው፤ እሱም ያኔ ይሰማኝ ነበር።)

እዚያ በረዶ ውስጥ ቆሜ የክታብ ጸሐፊው አያትሽ ነገር መጣብኝ። ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የምታወሪልን። አስማት ማለት እኮ በግዕዝ ስሞች ማለት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ! ስም ለአንድ፣ አስማት ለብዙ። እኔ ሰምቼ አለፍኩት። ለዘንዶዬ የፈረንጅ ስም ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ አድር ነበር፤ አንቺ ግን የክርስትና ስሙን በማታ የማያስጠራ አያት ነበረሽ።

እናም አንድ ነገር ልለምንሽ። ክታቡ በሰውየው ቁመት ልክ ነው የሚቆረጠው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ብለሽኝ ነበር። አያትሽ ለአንድ የታመመ ሕፃን ጻፉለት። ልጁ ዳነ፣ አደገም። ብራናው ግን አላደገም። እየዋለ እያደረ ከጉልበቱ በታች ያለ መከላከያ ቀረ። እዚህ ላይ ነበርሽ።

ይህን ታሪክ ራስሽ ልትጽፊው ከሆነ እጄን አላስገባም፤ ንገሪኝ ብቻ። ካልሆነ ስጪኝ። የድሮውን ረቂቅ ትቼዋለሁ፤ 14ኛውን ገጽ ብቻ አስቀርቼ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አዲሱን ስጨርስ እልክልሻለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶሽን አዘጋጂ።

ለመሆኑ ልጁ በመጨረሻ ምን ሆነ? በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎሽ አልጨረስሽልኝም።

ኩርፊያዋ የወጣላት
እህትሽ