ቦርሳሽ ውስጥ የከተትኩት ደብዳቤ

ልጄ፣

ከሦስት ሳምንት እረፍት በኋላ ነገ ወደ ጁዶ ትግል ልምምድሽ ትመለሻለሽ። እኔ ሳይነጋ ወደ ዳቦ ቤቱ ስለምወጣ አላገኝሽም። ለዚህ ነው ይህን ጽፌ በጁዶ ልብስሽ፣ በኪሞኖሽ ላይ ያስቀመጥኩት።

ያን ቅዳሜ አልረሳውም። ሹሩባ ልሠራሽ እግሬ ሥር ተቀምጠሽ፣ ፀጉርሽን ሰብሰብ ሳደርግ ጭንቅላትሽን አሸሸሽ። የቀኝ ጆሮሽ ላይኛው በኩል አብጦ እጥፋቱ ጠፍቷል። በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ በሰለ ቲማቲም ልል አለ። «ምንም አይደል እማ፣ ሐሙስ ስንጋጠም ነው» አልሽኝ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ በሻርፕ ሸፍነሽ ደብቀሽኛል።

እኔም አጠፋሁ። ጨው አሙቄ በጨርቅ ቋጥሬ ያዝኩልሽ። ጎረቤታችን «ወጌሻ ይሸው» ስትል ልወስድሽ ምንም አልቀረኝም። ሰኞ የአንገት በላይ ሐኪሙ ሲያስረዳን ነው የደነገጥኩት። የጆሮ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ጆሮ ሲፈተግ ወይም ሲመታ ሽፋኑ ይላቀቅና መሐሉ ደም ይቋጥራል፤ ልም አጥንቱም ምግብ ያጣል። ደሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልወጣ ጆሮው እየጠጠረና እየተኮማተረ ሄዶ አበባ ጎመን ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያለ ቀዶ ሕክምና አይስተካከልም። ሙቀትና እሽት ደግሞ ደሙን ያብሱታል።

ጆሮሽን አደንዝዞ፣ በትንሹ ቀድዶ ደሙን ሲያወጣ እጄን ጨምቀሽ ይዘሽ ነበር። ቀጥሎ ከፊትም ከኋላም የጥጥ ጥቅል ደግፎ ክሩን በጆሮሽ አሳልፎ ሰፋው። እሱን ማየት አቃተኝ። ግን ዋናው ሥራ እሱ ነው፤ ካልተጫነ ክፍተቱ ተመልሶ ደም ይሞላል። መልበሻ ክፍል ውስጥ «በሲሪንጅ ልምጠጥልሽ» ያለሽን ልጅ ዳግመኛ እንዳትሰሚው፣ በሞቴ። ጀርም ከገባ ልም አጥንቱን ይበላዋል።

የተኮማተረ ጆሮን እንደ ሜዳሊያ የሚያዩ እንዳሉ ነግረሽኛል። ልፋታቸውን አልንቅም። ግን የጆሮው ቀዳዳ ጠቦ መስማት የሚቸገር ሰው አለ። እኔ ያንቺን ጆሮ ለዚያ አልሰጥም።

ስለዚህ ልምምድ ላይ ሁልጊዜ የጆሮ መከላከያውን አድርጊው። ማሰሪያው አይላላ፤ ከተንሸራተተ ራሱ ይፈትጋል። አንገትሽን ሲይዙሽ ጭንቅላትሽን በጉልበት መንጭቀሽ አታውጪ፤ ጆሮ በብዛት የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ቶሎ በእጅሽ ምንጣፉን መታ መታ አድርገሽ ልቀቁኝ በይ። ጆሮሽ ትኩስ ትኩስ ካለሽ ደግሞ የዚያን ቀን ልምምድ ይብቃሽ።

ቤት እንደገባሽ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ለ15 ደቂቃ ያህል ያዢበት። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። መብራት ከጠፋ ከታች ያለው ሱቅ ቀዝቃዛ ውሃ አያጣም። ካበጠ ግን ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ። አልቆጣም። ከቀላ፣ ካተኮሰሽ ወይም መስማት ከከበደሽ አንድ ቀን አናድርም።

ቡና ጣሳው ውስጥ 1000 ብር አለ። እኔ ከሌለሁ ሳትጠብቂኝ በባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ ውጪና ከዚያ ኮንትራት ታክሲ ያዢ። ካርድሽም እዚያው ነው።

እናትሽ
ከጀሞ