በስክሪን የሚሰጥ ሕክምናም የሚዘጋ በር ይፈልጋል

ክቡር አዘጋጅ፣

በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የተዘረዘሩት ጥቅሞች እውነት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሰዉን ቤት ባዋለበት ወቅት ብዙ ባለሙያዎች ሥራቸውን ወደ ቪዲዮ አዛውረዋል፤ በባለሙያ ክትትል በኢንተርኔት የሚሰጥ የንግግር ሕክምናም ለድብርትና ለጭንቀት ፊት ለፊት ከሚሰጠው ብዙም እንደማያንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ያልተነሳው ግን ታካሚው የት ተቀምጦ ይናገራል የሚለው ጉዳይ ነው። ባለቤቷ ከግድግዳው ባሻገር ያለ ሴት በጆሮዋ ማዳመጫ ብታደርግም፣ የምትሰማውን እንጂ የምትናገረውን መሸሸግ አትችልም፤ ስለ እሱ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ኮቴ ስትሰማ ወደ እንቅልፍ ማጣት ታዞረዋለች፤ ከካሜራው በታች የሚንቀጠቀጡት እጆቿም ለባለሙያው አይታዩም። እንዲህ ላለው ሰው «ብቻዬን አይደለሁም» የሚል ትርጉም ባለው የምስጢር ቃል ከባለሙያው ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ ወይም በጽሑፍ መነጋገር ይረዳል።

ባለሙያውም በየቀጠሮው መጀመሪያ ታካሚው ያለበትን ቦታና በቅርብ የሚደርስለትን ሰው ስልክ ሊይዝ ይገባል፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በተነገረበት ቅጽበት መስመሩ ቢቋረጥ (ኔትወርክ መቼም ሰዓት አይመርጥም) እርዳታ የት እንደሚላክ መፈለግ የሚጀመረው ያን ጊዜ መሆን የለበትም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ