የአባቴን የሙዚቃ ክሮች ከሚወገደው ዝርዝር አውጡልኝ፦ ለአንድ የባህል ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። ሲያነቡት ራስዎን ያውቃሉ። ስለ አባቴ የሙዚቃ ክሮች ሁለት ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ሁለቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አምስት ጊዜ በአካል መጥቻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፊልድ ወጥተዋል»፣ «ነገ ተመለስ» ሰለቸኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጻፈው።

አባቴ በደርግ ጊዜ እዚሁ ጅማ ኪነት ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ካረፈ በኋላ ከአልጋው ሥር አራት ሪል፣ ማለትም ድምፅ የተቀዳበት ክር የተጠመጠመባቸው መንኮራኩሮች፣ አገኘን። በባለ አራት ትራክ መቅጃ የተቀዱ ናቸው። እናንተ ጋ ላስቀምጣቸው ሳመጣቸው ሠራተኛዎ ሲቀበለኝ «ካሴት ነው አይደል?» አለኝ። ካሴት አይደለም። ካሴት ላይም ሸክላ ላይም የምንሰማው ሁሉም መሣሪያ ተደባልቆ ያለቀለትን ነው። እነዚህ ክሮች ላይ ግን ድራሙ ለብቻው ነው፣ ቤዙ ለብቻው፣ ኦርጋንና ሳክስፎን አንድ ላይ፣ ድምፃዊዋ ለብቻዋ። እያንዳንዱን አውጥቶ እንደገና መደባለቅ ይቻላል።

ይሄ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን መሃል ወንበር ላይ አስቀምጦ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም በሰራውንድ አሰማኝ። ከፊት ሦስት ስፒከር፣ ከኋላ ሁለት፣ ወለሉ ላይ ሰብዉፈር። ሙዚቀኞቹ መሃል የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ2003 ለ5.1 ሰራውንድ (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር)፣ በ2023 ደግሞ ድምፁ ከላይም ጭምር ለሚመጣበት ለዶልቢ አትሞስ እንደ አዲስ አወጡት። የተቻለው ክሩን ስለጠበቁት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ቢትልሶች በ1966 በአራት ትራክ የቀዱት አልበምም በ2022 በአትሞስ ወጥቷል። አንድ ትራክ ላይ ተደባልቀው የቀሩትን መሣሪያዎች ሳይቀር በኮምፒውተር ነጣጥለዋቸዋል። አራት ትራክ፣ ክቡር ኃላፊ። እንደ አባቴ ክር።

ወደ ጅማ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሳስብ የመጣሁት ስለኛዎቹ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ከዚህ ተነስቶ ዌልስ፣ ለንደን፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ድረስ ሄዶ ተምሯል። በ1966 ኒውዮርክ ላይ አልበም አወጣ፣ በ1972 እዚያው ሌላ ጨመረ። ቫይብራፎኑ ከፊት፣ ኮንጋው ከጎን፣ ሳክስፎኑ ከኋላ ሲመጣ አስቡት። ለእኔ ከኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ሁሉ መጀመሪያ ሰራውንድ የሚገባው እሱ ነው። ቀጥሎ ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር፤ ያ ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን በሁለት ስፒከር ተጣብቦ ነው እስከ ዛሬ የሰማነው። ከዚያ የዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. የ1977 አልበም፣ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ያለበት። የዓሊ ቢራን ኡድ ደግሞ ጅማ ውስጥ ለማን እነግራለሁ? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከመቶ በላይ ሸክላ አሳትሟል። ያን ዘመን ሰብስቦ ለዓለም ያሰማው ግን የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። እኛ በበዓል ቀን «ሙላቱ የኛ ልጅ ነው» እንላለን። እናንተም መድረክ ላይ ትሉታላችሁ፣ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ያን እያሰብኩ ነው ክሮቹን ያመጣሁላችሁ። እኔ ማጫወቻውም የለኝም፣ ቤቴም ያፈሳል። እናንተ ጋ ይሻላል ብዬ አመንኩ። «መሣሪያ ሲገኝ ወደ ዲጂታል እንገለብጠዋለን» ተባልኩ። በማኅተም ተረከባችሁኝ።

ሐምሌ ላይ መጋዘኑን የሚጠብቁትን አባት ለምኜ ገባሁ። የጅማን ክረምት እርስዎም ያውቁታል። ጣሪያው ያንጠባጥባል። ካርቶኑ ወለል ላይ ነው፣ ሥሩ ርሶ ተቀዷል። ከላዩ የተሰበረ ወንበር ተጭኖበታል። አንዱን ሪል ሳነሳው ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል፤ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ደግሞ ቀለሙ ፈሶ አይነበብም። ግድግዳው ላይ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ተለጥፏል። ወንበር፣ የተበላሸ ፕሪንተር፣ ጎማ፣ ከዚያ «ያገለገለ ክር፣ 4»። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤታችሁ እስካሁን የሰማሁት የሰው ቃል እሱ ብቻ ነው።

ክር እርጥበት አይወድም። የአንዳንዱ ክር ሙጫ ውሃ ይስባል፣ ይጣበቃል፣ ሲያጫውቱት ድምፁን የያዘው ዱቄት እየተላጠ ይቀራል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክር በ50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አድርቀው ያተርፉታል። ስለዚህ ገና አልሞተም። ደረቅ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ ከወለል ከፍ ማድረግ፤ ይሄ ስንት ብር ይፈጃል? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992ን እኔ ለእርስዎ አላስተምርም። ቅርስ የያዘ ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ድምፅ ቅርስ አይደለም የሚሉኝ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡኝና እሱንም ሰው ያንብበው።

እኔ የማውቀው አራቱን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስማቸው እንኳን ሳይጻፍ የተወገዱ የስንት ሰው ክሮች እንዳሉ ማሰብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ያቺ ድምፃዊት ዛሬ በሕይወት የለችም። ልጆቿ ድምፅዋን ለብቻው፣ ያለ ድራም ያለ ምንም፣ ሊሰሙት የሚችሉት እዚያ ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው።

ማስወገዱን አስቁሙ። ጨረታም ሆነ ቃጠሎ ከመድረሱ በፊት ክሮቹን መልሱልኝ። ጓደኛዬ ማጫወቻ ያለው ሰው አግኝቷል፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ በራችሁ ላይ ነኝ። የተረከባችሁበት ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጄ ነው። ንጹሕ ደረቅ ካርቶንም ይዤ እመጣለሁ።